አንድ ሰዓት ስጡን፦ ስለ ልጆቻችን ንባብ ለጅማ ከተማ ትምህርት ጽሕፈት ቤት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ጅማ፣ ጥር 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለጅማ ከተማ ትምህርት ጽሕፈት ቤት

ግልባጭ፦ ለየትምህርት ቤቱ የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ህብረት፤ እንዲሁም ማታ ማታ ከልጁ ደብተር ጋር ለሚታገል ወላጅ ሁሉ

እንደምን ከረማችሁ?

እኔ እዚሁ ጅማ መርካቶ አካባቢ ፎቶ ኮፒ ቤት ያለኝ ሰው ነኝ። ከዚያ በፊት 11 ዓመት አንደኛ ደረጃ አስተምሬያለሁ። የሦስት ልጆች አባት ነኝ። ማስተማሩን ለምን እንደተውኩት የሚጠይቀኝ አይጠፋም። የመምህር ደመወዝ የሚያውቅ ሰው ግን አይጠይቅም፤ እሱን እንለፈው።

ይህን ደብዳቤ በአማርኛ የጻፍኩት ስለሚቀናኝ ነው። አፋን ኦሮሞውን ጎረቤቴ እየተረጎመልኝ ነው፤ ሁለቱንም ይዤ እመጣለሁ።

ጥያቄዬ አንድ ነው። ከሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ጀምሮ፣ ከ2ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ላሉ ልጆች በቀን አንድ ሰዓት ከጊዜ ሰሌዳው ላይ ይከለልላቸው። በዚያ ሰዓት ልጆቹ በክፍላቸው ሳይሆን በሚያነቡት ልክ ይቀመጡ። ፊደል ያልለየው ፊደል ካልለየው ጋር፣ ቃል ላይ የደረሰው ቃል ላይ ከደረሰው ጋር። ሁለት ሦስት ትምህርት ቤት ላይ ተጀምሮ ይታይ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ለምን እንዲህ እንደምል ማስረጃው ነው። የቸኮለ እዚህ ላይ ማቆም ይችላል።

ባለፈው ኅዳር ነው። ቡና ለቀማው ሞቅ ያለበት ሰሞን። አንዲት የሰፈራችን ልጅ መጽሐፍ ይዛ መጣች፤ 4ኛ ክፍል ናት። አንድ ገጽ ኮፒ እንዲደረግላት ነበር። መብራት ሄዶ ገና መምጣቱ ስለነበር ማሽኑ እስኪሞቅ ወንበር ሰጠኋትና «እስኪ አንብቢልኝ» አልኳት። የቀድሞ መምህር አመሉ አይለቀውም።

አነበበችልኝ። ቀጥ አድርጋ፣ ሳትደናቀፍ፣ በዜማ። ደስ አለኝ። ከዚያ ጣቷን አየሁት። ጣቷ ሦስተኛው መስመር ላይ ነው። አፏ አምስተኛውን ጨርሷል።

መጽሐፉን ወሰድኩና ያልተማሩት ገጽ ላይ ከፈትኩላት። ዝም አለች። አንድ ቃል ብቻ በጣቴ አሳየኋት። ቃሉን አላየችውም፤ ከጎኑ ያለውን ሥዕል አየች። ከዚያ ቀና ብላ «ደመና» አለችኝ። ቃሉ «ዝናብ» ነበር።

አላሳፈርኳትም። ኮፒውን ሠራሁላትና ሄደች። ማታ እናቷ ሂሳቡን ልትከፍል ስትመጣ ስለ ትምህርቷ ጠየቅኳት። «ጎበዝ ናት፣ አምና ከ63 ተማሪ 19ኛ ወጥታለች» አለችኝ። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ይሄ ነው። 19ኛዋ ይህች ከሆነች፣ ከኋላዋ ያሉት 44 ልጆች ምን ላይ ናቸው?

ትምህርት ቤቱን አልጠቅስም፤ እሱ ላይ ብቻ ያለ ነገር ስላልሆነ። እኔም ክፍል ውስጥ እያለሁ እንዲህ ያሉ ልጆች ነበሩኝ። አላየኋቸውም። ምክንያቱን ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት ቄስ ትምህርት ቤት ነው። የኔታ ይህችን ልጅ በአንድ ጠዋት ይደርሱባት ነበር። «ሀ ሁ ሂ»ን በዜማ መውረድ እሳቸው ዘንድ ዋጋ የለውም። ስንጥራቸውን ይዘው ከታች ወደ ላይ፣ ከቀኝ ወደ ግራ እየዘለሉ ይጠይቁናል። ያልለየ ልጅ ወዲያው ይታወቃል። ያልለየ ደግሞ ወደ ንባብ አይሻገርም። የለየው ይሻገራል፤ ዕድሜው ስንት ነው የሚል የለም። ቁርዓን ቤት የተማሩት ጓደኞቼም እንደዚሁ ነው የሚነግሩኝ። የእያንዳንዱ ልጅ ሉህ፣ የሚጽፍበት ሰሌዳ፣ የየራሱ ነው። የጻፈውን ሳያውቀው አይታጠብለትም። አንዱ ገና ፊደል ላይ ሆኖ ጎኑ ያለው ብዙ ሱራ ሊጨርስ ይችላል። ትልቁ ትንሹን ያስቀጽላል።

ስለ ዱላው አላወራም፤ እሱ ይቅርብን። እዚያ ግን «4ኛ ክፍል ነህና የ4ኛ ክፍሉን ተማር» የሚል ነገር አልነበረም። ይህን አሳብ ዛሬ ተመራማሪዎች በብዙ ገንዘብና በብዙ ዓመት ጥናት ደርሰውበታል። ወደ እነሱ ከመሄዴ በፊት ግን ስለ እኛው ቁጥር ትንሽ ልበል።

እ.ኤ.አ. በ2010 በአገራችን የ2ኛና የ3ኛ ክፍል ልጆች ንባብ ተፈትሾ ነበር። አፋን ኦሮሞና አማርኛን ጨምሮ በስድስት ቋንቋዎች። ከ2ኛ ክፍል ልጆች ከመቶ 34ቱ ከቀረበላቸው አጭር ታሪክ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ከመቶ 48ቱ ስላነበቡት አንድ ጥያቄ እንኳ አልመለሱም። ከዚያ ወዲህ የዓለም ባንክ ባወጣው ግምት ደግሞ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ 10 ዓመት ከሆናቸው ልጆች ከመቶ 90 ያህሉ ቀላል ጽሑፍ አንብበው አይረዱም።

የ12ኛ ክፍሉን ፈተና ውጤት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በ2014 ዓ.ም. ከተፈታኙ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 ከመቶ ነው። በ2015 3.2። በ2016 5.4። በ2017 8.4። አገር ያለቀሰው ያኔ ነው። ስለ ኩረጃ ተወራ፣ ስለ ሰነፍ ትውልድ ተወራ። ልጆቹ ገና 1ኛ ክፍል ሳይገቡ ያ የንባብ ውጤት ሲወጣ ግን ማን ደነገጠ? እኔ ራሴ ያኔ አስተማሪ ነበርኩ። ስለ ጥናቱ መኖር የሰማሁት ከዓመታት በኋላ ነው።

እሺ፣ ምን ይሠራል?

ህንድ ውስጥ ፕራታም የሚባል ድርጅት አለ። እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ በቫዶዳራና በሙምባይ ከተሞች አንድ ነገር ተሞከረ። በ3ኛና በ4ኛ ክፍል ኋላ የቀሩት ልጆች ከ15 እስከ 20 እየሆኑ በቀን ለሁለት ሰዓት ከክፍል ይወጣሉ። የምታስተምራቸው አንዲት የሰፈሩ ወጣት ናት። ሁለተኛ ደረጃ የጨረሰች፣ ሁለት ሳምንት ብቻ የሠለጠነች። «ባልሳኪ» ይሏታል፤ የልጅ ጓደኛ እንደማለት ነው። የ4ኛ ክፍሉን መጽሐፍ አታስተምራቸውም። የጎደላቸውን ነው የምታስተምራቸው፦ ፊደል፣ ቃል፣ መቁጠር፣ መደመር።

አቢጂት ባነርጂና አስቴር ዱፍሎ ከሌሎች ሁለት ተመራማሪዎች ጋር ሆነው ይህን አጠኑት። እንዴት? በዕጣ። ባልሳኪ የደረሰውን ክፍል ካልደረሰው ጋር አነጻጸሩ። ዕጣው ጥሩ ትምህርት ቤት ብቻ ተመርጦ «ውጤት አመጣ» እንዳይባል ነው። ዕጣው የደረሳቸው ልጆች ውጤት በግልጽ ከፍ አለ። ከሁሉም ይልቅ የተሻሻሉት ደግሞ ከሁሉም ኋላ የነበሩት ናቸው። ባነርጂና ዱፍሎ ከማይክል ክሬመር ጋር እ.ኤ.አ. በ2019 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ሽልማት የተሰጣቸው በእንዲህ ዓይነቱ ሥራ ነው።

እዚህ ላይ ብቆም ደብዳቤዬ ያምር ነበር። ግን ታሪኩ አልጋ በአልጋ አልነበረም። ለእናንተ ይበልጥ የሚጠቅመውም ያልሠራበት ቦታ ነው።

ቢሃር በሚባለው የህንድ ክልል ይኸው ዘዴ ለመንግሥት መምህራን ተሰጠ። በክረምቱ እረፍት ወር በተደረገ የንባብ ካምፕ እነዚያው የመንግሥት መምህራን አስተማሩበት፤ ልጆቹ ተሻሻሉ። ትምህርት ሲከፈትስ? መምህራኑ ሥልጠናውም አላቸው፣ መጽሐፉም አላቸው። ግን ለውጥ አልመጣም። ያው ሰው፣ ያው ዘዴ። ምን ተቀየረ? ክረምት ላይ መምህሩ ሌላ ሥራ የለበትም። ትምህርት ሲከፈት ግን መጽሐፉን መጨረስ አለበት።

ይህን ሳነብ ራሴን አየሁት። መምህር የሆናችሁ ታውቁታላችሁ፤ በእኛ ቋንቋ «ፖርሽን መሸፈን» ይባላል። እኔ 58 ልጅ ይዤ ፖርሽን ስሸፍን ነበር። ጥያቄ ስጠይቅ ከፊት ወንበር አምስት እጅ ይወጣል። አምስቱ ከመለሱ ክፍሉ ገባው ብዬ ወደሚቀጥለው ምዕራፍ እሄዳለሁ። ሱፐርቫይዘር ሲመጣ ሌሰን ፕላኔን ያያል፣ ምዕራፍ ስንት እንደደረስኩ ያያል፣ ይፈርማል። ስንት ልጅ ያነባል ብሎ የጠየቀኝ ሰው በ11 ዓመት ውስጥ አላስታውስም። እኔም ራሴን አልጠየቅኩም። ቆይቼ እነግራችኋለሁ ያልኩት ምክንያት ይሄ ነው።

ህንዶቹ ከዚህ ተምረው በሃሪያና ክልል እ.ኤ.አ. በ2012 ሌላ መንገድ ሞከሩ። የቀኑ አንድ ሰዓት ለዚህ ብቻ ተለየ። በዚያ ሰዓት መጽሐፍ መጨረስ የለም። ልጆቹ በሙሉ ክፍላቸውን ትተው በንባብ ደረጃቸው ይደባለቃሉ። የትምህርት ቢሮው ሱፐርቫይዘሮችም ዘዴውን መጀመሪያ ራሳቸው ክፍል ገብተው አስተማሩበት፤ ከዚያ በኋላ ነው መምህሩን የተከታተሉት። ያኔ ልጆቹ በቋንቋ ተሻሻሉ። በኡታር ፕራዴሽ ደግሞ የፕራታም ሰዎችና በጎ ፈቃደኞች ሆነው 50 ቀን ያህል በሚሆን ካምፕ ብቻ፣ አንቀጽ ወይም ታሪክ ማንበብ የሚችሉት ልጆች ካምፑ ካልደረሳቸው ጋር ሲነጻጸር እጥፍ ገደማ ሆኑ።

ለዚህ ነው ሥልጠና ስጡን፣ መጽሐፍ ግዙልን ያላልኩት። ሰዓቱ ካልተከለለ ሥልጠናው አበል ሆኖ ይቀራል። ይቅርታ፣ ግን እውነት ነው።

ስለ ዕቃም ላንሳ። ምክንያቱም በየስብሰባው «ኮምፒውተር ቢገባ»፣ «ታብሌት ቢገኝ» ሲባል እሰማለሁ። እኔ የፕላዝማ ትውልድ ነኝ፤ ክፍል ውስጥ በቴሌቪዥን የተማርን። ያኔ ነገሩ ሲመጣ አገር ጉድ ብሎ ነበር። ያቺ ስክሪን ላይ ያለችው መምህርት በማናውቀው ቅላጼ በእንግሊዝኛ ትፈጥናለች። «ሦስት ደቂቃ ሰጥቻችኋለሁ» ትላለች፤ ጥያቄውን ገልብጠን ሳንጨርስ መልሱን ትናገራለች። የእኛ መምህር ጥግ ላይ ቆሞ እንደኛው ያያታል። «ቆይ፣ አልገባንም» ቢል ማን ይሰማዋል? ፊት ወንበር ያሉት ሁለቱ ጎበዞች ግን ተጠቅመውበታል፤ አንዱ ዛሬ ሐኪም ነው።

ፔሩ ለገጠር ትምህርት ቤት ልጆች ላፕቶፕ አደለች። ተጠንቶ ሲታይ በሒሳብም በቋንቋም ለውጥ አልተገኘም። ምዕራብ ኬንያ ውስጥ መማሪያ መጽሐፍ ለሌላቸው ልጆች መጽሐፍ ተሰጠ። ማንም ይሄማ ይሠራል ይላል። የጠቀመው ግን መጀመሪያም ጎበዝ የነበሩትን ብቻ ነው። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነበር፤ ለብዙዎቹ ልጆች ሦስተኛ ቋንቋቸው። የማያነብ ልጅ መጽሐፍ ሲሰጠው የማያነበው መጽሐፍ ባለቤት ሆነ፣ ሌላ ምንም።

መጽሐፍ አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። እዚያው ኬንያ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ቱሶሜ የተባለው ፕሮግራም ለእያንዳንዱ የ1ኛና የ2ኛ ክፍል ልጅ መጽሐፍ ሰጥቷል፤ ንባቡም ተሻሽሏል። ልዩነቱ፣ መጽሐፉ ብቻውን አልሄደም። ለመምህሩ የዕለት ተዕለት መምሪያ ነበረው። በየጊዜው ክፍል ገብቶ ቁጭ የሚል፣ ጥቂት ልጆች አስነብቦ የሚሰማ፣ ከዚያም መምህሩን የሚያማክር ሰው ነበረ። እኛም እኮ የጉድኝት ሱፐርቫይዘር አለን። ሰው አልጎደለንም። ሲመጣ ሌሰን ፕላኑን ትቶ አምስት ልጅ አስነብቦ ቢሄድ፣ በሚቀጥለው ወር መምህሩ ምን ላይ እንደሚያተኩር እናንተው ገምቱ።

ክፍል ማስደገም መፍትሔ ነው የሚሉ አሉ። ጥናቱ ግን ብዙም አይደግፈውም፤ የደገመው ልጅ በአብዛኛው ካልደገመው እኩያው ይበልጥ ወደኋላ ይቀራል፣ ወጪውም ከባድ ነው። ዝም ብሎ ማሳለፍም ልጁን የትም አያደርሰውም። ሁለቱም ልጁን ከአንድ ወንበር ወደ ሌላ ወንበር ማዞር ነው። ፊደሉን ማን ያስለየው?

እዚህ ላይ ወደዚያች ልጅ ልመለስ። «ዝናብ»ን አይታ «ደመና» ያለችው ሥዕል አይታ ስለገመተች ነው። ትምህርት ቤት መገመት አስተምሯታል፣ ማንበብ ግን አላስተማራትም። እ.ኤ.አ. በ2000 አሜሪካ ውስጥ ንባብ ላይ የተሠሩ ጥናቶችን የገመገመ ጉባኤ ነበር። ፊደልንና ድምፁን በግልጽና በቅደም ተከተል ማስተማር ለጀማሪ አንባቢ እንደሚበጅ ነው የደመደመው። በእኛ ፊደል ደግሞ ነገሩ ሰፊ ነው። 33 ቤት፣ 7 ረድፍ፣ 231 ቅርጽ። በልምድ ይለየዋል ብሎ የሚተው አይደለም። ቁቤ፣ የአፋን ኦሮሞው ፊደል፣ በቁጥር ያንሳል፤ ግን ልጁ አጭርና ረጅም ድምፁን ካልለየ እዚያም ይጠፋዋል። በሁለቱም ቋንቋ የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች ስላሉን ሙከራው ሁለቱንም ያካትት። ልጁም መጀመሪያ ማንበብ ያለበት ቤቱ በሚናገረው ቋንቋ ነው፤ ሰው የማያውቀውን ቃል በትክክል ቢያነበው እንኳ ማንበቡን አያውቀውም።

ማን ያስተምር? መምህሩማ ተሸክሞ አይችለውም የምትሉ ከሆነ፣ ልክ ናችሁ። ግን ሰው አለ። በየሰፈሩ 12ኛን ተፈትኖ ያላለፈ ወጣት ስንት ነው? በራፍ ላይ ተቀምጦ ስልክ የሚነካካው፣ ባጃጅ ላይ ረዳት የሆነው። 50 ስላላመጡ ማንበብ አይችሉም ማለት እኮ አይደለም። ህንድ ያሉት ባልሳኪዎች እነዚህኑ ይመስላሉ። ሁለት ሳምንት ሠልጥነው፣ ለትራንስፖርትና ለምሳ የሚሆን ተሰጥቷቸው፣ ከመምህሩ ጋር አንድ አንድ ቡድን ይያዙ። ጅማ ዩኒቨርሲቲም ተማሪዎቹን ማኅበረሰቡ ውስጥ አሰማርቶ በማስተማር የታወቀ ነው። ለጤናው የተደረገው ለንባቡም ይደረግ ብሎ መጠየቅ ነውር አይመስለኝም።

ክፍል የለንም ይባላል። ፈረቃ ስላለ እውነት ነው። ግን ልጆቹ የሚደባለቁት በዚያው ሰዓት በዚያው ክፍሎች ውስጥ ነው። ሦስት ክፍል ካለ ሦስት ደረጃ ይሆናል። በጋውን የዋርካ ጥላም አለ፤ ዝናቡ ሲጀምር እንኳ አልልም፣ የጅማን ዝናብ ሁላችንም እናውቀዋለን።

አሁን ወደ እኛ ወደ ወላጆች ልዙር። ሁሉን ትምህርት ቤት ላይ ጥሎ መቀመጥ አይሆንም።

ኪንደርጋርተን ያለ ልጅ ባለ 12 ገጽ ወርክሽት ይዞ ሲመጣ ኮፒ የማደርገው እኔ ነኝ። ብሩን እቀበላለሁ፤ አልዋሽም። ግን የቤት ሥራ ክምር ለትንንሽ ልጆች ውጤት ያለው ድርሻ በጣም አነስተኛ መሆኑን ጥናቶቹ ይናገራሉ። የተሻለ የሚረዳው ለከፍተኛ ክፍሎቹ ነው። ብዙ ገጽ የሰጠ ትምህርት ቤት ሁሉ ጎበዝ አይደለም። ለትንሹ ልጅ ማታ አሥር ደቂቃ አጠገቡ ቁጭ ብሎ ሲያነብ መስማት ይሻላል። ማንበብ የማትችል እናትም ትችላለች። ጣቱን ትይ፤ ጣቱና አፉ አብረው ከሄዱ እያነበበ ነው።

በኮቪድ ጊዜ ቦትስዋና ትምህርት ቤት ዘግታ ሳለ አንድ ሙከራ ተደረገ። ለአንዳንድ ቤተሰቦች በየሳምንቱ የሒሳብ ጥያቄ በመልእክት ተላከ። ለሌሎቹ መልእክቱም ተልኮ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ስልክ ይደወልላቸዋል፤ መምህሩ ከወላጁም ከልጁም ጋር በድምፅ ማጉያ ይሠራል። መልእክት ብቻ የደረሳቸው ብዙም አልተለወጡም። ስልክ የተደወለላቸው ተሻሻሉ። ከዚህ የምወስደው ለቡናው ሰሞን ነው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ስንት ወንበር ባዶ እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ልጁ ለቀማ ሄዶ ከሆነ በሳምንት አንዴ መደወል ምን ያስወጣል? የቡናውን ቤተሰብ በስብሰባ መውቀስ ግን የትም አላደረሰንም።

ትልልቆቹ ላይ ደግሞ ንግዴን የሚጎዳ ነገር ልናገር። ትልቋ ልጄ 10ኛ ክፍል ናት። ደብተሯን በቢጫ ቀለም ታጥበዋለች። ያን ሃይላይተር የምሸጠው እኔው ነኝ። እ.ኤ.አ. በ2006 ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ ተመራማሪዎች ተማሪዎችን በቡድን ከፈሏቸው። አንዱ ቡድን ጽሑፉን አራት ጊዜ አነበበ። ሌላው አንድ ጊዜ አንብቦ ዘጋውና ሦስት ጊዜ ያስታወሰውን በወረቀት ጻፈ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን እነዚያ ያስታወሱት 40 ከመቶ ነው፤ ዘግተው የጻፉት 61። የሚገርመው ደግሞ በራሳቸው የተማመኑት ደጋግመው ያነበቡት ነበሩ። ልጄ አሁን ደብተሯን ዘግታ ባዶ ወረቀት ላይ ትጽፋለች። ታማርራለች፤ ይከብዳላ። የተበላሸ ኮፒ ጀርባው ባዶ ስለሆነ ወረቀት አያጥራትም።

ጫትንም ሳላነሳ ባልፍ ጅማ ተቀምጬ ውሸት ይሆንብኛል። በጫት የሚተዳደረውን፣ ልጅ ያሳደገበትን አልነካም። ግን በፈተና ሰሞን «ለጥናት» ብሎ ቅሞ የሚያነጋ ወጣት ሱቄ በር ላይ አያለሁ። ያጠናነውን አእምሮ አጥብቆ የሚይዘው ስንተኛ ነው። ያላንቀላፋ ልጅ ሌሊቱን ሙሉ ያከማቸውን ፈተናው ደጃፍ ላይ ይበትነዋል። ወላጅ ይህን በጩኸት አያስቆመውም። ከፈተናው ሦስት ሳምንት ቀድሞ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እንዲያጠና ማድረግ ግን ይችላል።

ወደ መጀመሪያው ጥያቄዬ ልመለስና ልጨርስ። መለያ ፈተናው አንድ ገጽ ነው። ከላይ ፊደላት፣ ቀጥሎ ቃላት፣ ቀጥሎ አጭር አንቀጽ፣ ከታች አንድ ትንሽ ታሪክ። ለአንድ ልጅ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። 60 ልጅ ያለው ክፍል ሁለት ሰው ከተከፋፈለው በሁለት ቀን ያልቃል። ውጤቱ ሮስተር ላይ አይገባም፣ ደረጃ አይወጣበትም፣ ለወላጅ በካርድ አይላክም። የትኛው ልጅ የትኛው ቡድን ውስጥ እንደሚቀመጥ ብቻ ይነግረናል። ሰኔ ላይ ያው ገጽ እንደገና ይሰጥ። ካልተሻሻሉ ደብዳቤዬን ቀድዳችሁ መልሱልኝ።

ለሁለት ትምህርት ቤት የሚሆነውን ገጽ በእኔ ማሽን በነፃ አባዛለሁ። ቀለሙም መብራቱም በእኔ። ወረቀቱን ግን እናንተ አምጡ፤ የወረቀት ዋጋ ከእኔ አቅም አልፏል። ሱቁ ከእሑድ በቀር ቀኑን ሙሉ ክፍት ነው። መብራት ከሄደ ብቻ ትንሽ ትጠብቁኛላችሁ፤ ወንበር አለኝ።

ከአክብሮት ጋር

አንድ የጅማ ነዋሪ፣ የቀድሞ መምህር፣ የሦስት ልጆች አባት